መንጋው ግራጫ አይለብስም

በ1984 ጥር ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ) አሜሪካውያን የዓመቱን ትልቅ የፉትቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲከታተሉ በመሐል አንድ ማስታወቂያ ገባ። ፀጉራቸውን የተላጩ፣ አመድማ ልብስ የለበሱ ወንዶች እግራቸውን እየጎተቱ በሰልፍ ወደ አንድ አዳራሽ ይገባሉ። ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ አንድ ፊት ይሰብክላቸዋል፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አንዲት ደማቅ ቁምጣ የለበሰች ወጣት መዶሻ ይዛ ከጠባቂዎች እየሸሸች ትሮጣለች። ቀለም ያላት እሷ ብቻ ናት። መዶሻውን አሽከርክራ ትወረውረዋለች፣ ስክሪኑም ይፈነዳል። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ነበር። የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ኮምፒውተር።

ክርክሬን ከንግድ ማስታወቂያ የጀመርኩት ሐሳቡ ራቁቱን የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። አንድ ዳይሬክተር ማንነትንና መመሳሰልን በምስል ማሳየት ቢፈልግ ምን ያድርግ ቢባል፣ ከፊልም ተማሪው እስከ ዩቲዩብ ተንታኙ መልሱ አንድ ነው። መንጋውን ግራጫ አልብሰው፤ አሰልፈው፤ ከላይና ከሩቅ አንሣው፤ ፊቱን ደብቅ። ነፃውን ሰው ግን ቀለም ስጠው፤ በክሎዝ አፕ ቅረበው፤ ካሜራህን በእጅህ ይዘህ ተከተለው። ግራጫ ባርነት፣ ቀለም ነፃነት፤ ብዙው ጠፊ፣ ብቸኛው ጀግና። ይህ ሰዋስው ከመለመዱ የተነሣ ሕግ መስሏል፤ ገምጋሚዎችም ሕጉ ተጠብቆ ሲያዩ «ጥልቅ ፊልም ነው» ይላሉ።

እኔ ሐሰት ነው እላለሁ። ከሐሰትነቱም በላይ ተመልካቹን ይሸነግላል። ያንን ግራጫ ሰልፍ አይቶ «ይህ እኔ ነኝ» ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁላችንም መዶሻ የያዘችው ልጅ ነን። ማስታወቂያ ሠሪዎቹም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው ሚሊዮን ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲገዛ ሲፈልጉ ለእያንዳንዱ «አንተ ከሌላው ትለያለህ» የሚሉት። መመሳሰልን አስቀያሚ አድርጎ የሚስል ፊልም በሽታውን በሚገባ ገልጾ በሽተኛውን «አንተ ጤነኛ ነህ» ብሎ እንደሚሸኝ ሐኪም ነው። መመሳሰል ወደ ሰው ቤት ሲመጣ አምሮ፣ ሞቆና ተመችቶ ነው የሚመጣው። ይህን ያላሳየ ካሜራ ስለ ጉዳዩ ገና ምንም አላሳየም።

ሰዋስዉ ከየት መጣ ሲባል ብዙዎች ወደ ፍሪትዝ ላንግ ‹ሜትሮፖሊስ› ይጠቁማሉ። በ1927 የወጣው ይህ የጀርመን ፊልም ሠራተኞቹን አንገታቸውን አስደፍቶ፣ ተረኛው ሲገባ የደከመው ሲወጣ፣ በሁለት ዓይነት ርምጃ ጎን ለጎን ያሳልፋቸዋል። በዓመቱ የኪንግ ቪዶር ‹ዘ ክራውድ› መጣ። በእሱ ካሜራው የኒውዮርክን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሽቅብ ይወጣና በአንድ መስኮት ገብቶ በመቶ በሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች ላይ ያንዣብባል፤ መጨረሻ 137 ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ጆን የሚባል ጸሐፊ ያገኘዋል። ቢሊ ዋይልደር በ1960 በሠራው ‹ዘ አፓርትመንት› ይህንኑ አዳራሽ መልሶ ሲያቆመው፣ ዲዛይነሩ አሌክሳንደር ትራውነር ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ጠረጴዛውንም ሰውንም እያሳነሰ ቢሮውን ማለቂያ የሌለው አስመስሎታል። የሚጠቀሰው ሁልጊዜ ይህ ነው።

የቪዶር ፊልም መጨረሻ ግን አይጠቀስም። ጆን ሴት ልጁ በመኪና ተገጭታ ሞታበታለች፣ ሥራውን አጥቷል፣ ራሱን ሊያጠፋም ቃጥቶታል። በመጨረሻው ትዕይንት ከሚስቱና ከወንድ ልጁ ጋር ቴአትር ቤት ተቀምጦ መድረክ ላይ ባሉት ቀልደኞች ይስቃል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጎረቤቶቹም ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ያሉትም፤ ከእነሱ ኋላ ያሉትም። ጆን በሳቅ ባሕር ውስጥ ይጠፋል። ልብ በሉ፣ ሳቁ የውሸት አይደለም። ያ ሰው ሙሉውን ፊልም ያላገኘውን ዕረፍት ያገኘው ከሰው ጋር ተቀላቅሎ በጠፋበት በዚያች ቅጽበት ነው። ቪዶር የመመሳሰልን ጣዕም ያውቀዋል፤ ጠረጴዛዎቹን ብቻ የሚያስታውሱት አድናቂዎቹ ግን ያንን ጣዕም ትተውት አልፈዋል።

የሕጉ ፍጹም አገልጋይ የጋሪ ሮስ ‹ፕሌዘንትቪል› ነው፣ 1998። ሁለት የዘመኑ ወጣቶች በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ይገባሉ፤ ከተማው ጥቁርና ነጭ ነው። ሰው በነቃ ቁጥር ቀለም ያወጣል፤ መጀመሪያ አንዲት አበባ ትቀላለች፣ ቀጥሎ ከንፈር፣ ቀጥሎ ፊት። በሥራው በኩል የሚያስደንቅ ነው፤ ፊልሙን በቀለም ቀርጸው በኮምፒውተር ቀለሙን ካጠፉት በኋላ የሚፈልጉትን ብቻ እየመረጡ ትተውታል። ግን ቀለም የሚያገኘው ማነው? የወደደ፣ መጽሐፍ ያነበበ፣ የተቆጣ፣ ያለቀሰ። የ1998ቱ አሜሪካዊ ተመልካች ደግሞ ይህን ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ አጽድቆታል፤ ፊልሙ ምንም አያስከፍለውም። ይባስ ብሎ፣ አንድም ጥቁር ሰው በሌለበት ከተማ ሱቁ በር ላይ «ባለ ቀለሞች አይገቡም» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። የጥቁር አሜሪካውያን መከራ ለነጭ ጎረምሶች ጌጥ ሆኖ ተሰጠ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ከተማው በሙሉ ይቀላል፣ ይቢጫል፣ ይለመልማል። ሁሉም እንደገና አንድ ዓይነት ሆነ። ፊልሙ ይህንን እንኳ አላስተዋለም።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በርናርዶ በርቶሉቺ ‹ዘ ኮንፎርሚስት›ን በ1970 ሲያወጣ ዕድሜው 29 ነበር። ታሪኩ ከአልቤርቶ ሞራቪያ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ማርቼሎ ክሌሪቺ የሚባለው ባለታሪክ በዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ እንደ ሰው መሆን። በልጅነቱ ሊያባልገው የሞከረን አንድ ሾፌር ተኩሼ ገድያለሁ ብሎ ያምናል፤ ከዚያ ወዲህ ውስጡ የተደበቀውን ልዩነት ለማጥፋት የማያደርገው የለም። ተራ የምትባል ልጅ መርጦ ያገባል። የፋሺስቱ ምስጢራዊ ፖሊስ አባል ይሆናል። ለጫጉላ ሽርሽር ብሎ በ1938 ወደ ፓሪስ የሚሄደውም የቀድሞ መምህሩን ፕሮፌሰር ኳድሪን ለማስገደል ነው።

በተለመደው ሰዋስው ቢሆን ይህ ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ አመድማ ይሆን ነበር። የካሜራው ባለሙያ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ያደረገው ሌላ ነው። ሲኒማ ካፈራቸው እጅግ ውብ ፊልሞች አንዱን ሠራ። የእጮኛው የጁሊያ ቤት የመስኮት መጋረጃ ስንጥቅጥቅ ነው፤ ብርሃኑ በመስመር በመስመር ተቆርጦ ግድግዳው ላይ ይወድቃል፣ ጁሊያ የለበሰችውም ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ቀሚስ ነው። ልጅቷ ስትስቅ፣ ስትጨፍር፣ ክፍሉ ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል። ያ ሁሉ መስመር የወህኒ ቤት ፍርግርግ መሆኑን ኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ በመጀመሪያ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያምራችኋል። ቁም ነገሩ ይኸው ማማሩ ነው። ክሌሪቺ ለምን እዚህ ቤት መግባት እንደፈለገ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም፤ ዓይናችሁ ራሱ ፈልጎታል።

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥም እንዲሁ። ክሌሪቺ ጨለማ ክፍል ውስጥ በመስታወት በኩል ደማቁን ስቱዲዮ ያያል። ሦስት ሴቶች ተመሳሳይ ለብሰው፣ እየተወዛወዙ፣ ደስ የሚል ዘፈን ይዘፍናሉ። ቀጥሎ በዚያው ማይክሮፎን ዓይነ ስውሩ ወዳጁ ኢታሎ የፋሺስቱን ስብከት ያነባል። ዘፈኑና ስብከቱ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ መስታወት ውስጥ ናቸው፤ የክሌሪቺ ፊት መስታወቱ ላይ አርፎ ከዘፋኞቹ ጋር ይቀላቀላል። በርቶሉቺ ፋሺዝምን በቡትስ ጫማ ኮቴ አላስገባውም፤ በዜማ አስገባው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ የተቀረጹት በሮም ኤዑር ሰፈር ነው፤ ሙሶሊኒ በ1942 ሊያሳየው ላሰበው፣ በጦርነቱ ምክንያት ግን ላልተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያሠራው ሰፈር። እብነ በረዱ ያብረቀርቃል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ክሌሪቺ ወለሉን ሲያቋርጥ ኮፍያ የደፋች ጥላ ያህላል። እዚህ ማነሱ ግን እንደ ‹ሜትሮፖሊስ› ሠራተኛ የሚያዋርድ አይደለም። ከትልቅ ነገር ጋር መጠጋት የሚሰጠው ኩራት አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ፊልሙ በሚተርከው በ1938ቱ ሮም የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በዋዜማው ዓመት ነው ተጭኖ የተወሰደው። ክሌሪቺ ለእኛ የሩቅ ሰው አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባን በአካፋ፣ በዱላና በእሳት የፈጁት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ብቻ አልነበሩም። ወታደር ያልሆኑ ጣሊያኖች፣ የመንገድ ሠራተኞችና ሾፌሮች ጭምር አብረው ወጥተዋል። አብዛኞቹ ቤተሰብ ያላቸው፣ ቅዳሴ የሚሄዱ፣ ሬዲዮ እየሰሙ የሚያፏጩ ሰዎች ነበሩ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ባለ ግራጫው ንድፈ ሐሳብ እነዚህን ሰዎች ሊያስረዳኝ አይችልም። በርቶሉቺ ግን ያስረዳኛል።

ፓሪስ፣ የፕሮፌሰሩ የጥናት ክፍል። ክሌሪቺ ተማሪ ሳለ ሊጽፍ ያሰበው ስለ ፕላቶን ዋሻ ነበር፤ ጀርባቸውን ለብርሃን ሰጥተው ታስረው፣ ግድግዳ ላይ የሚያልፈውን ጥላ እውነት ነው ብለው ስለሚያምኑ ሰዎች። ይህን እያስታወሰ አንደኛውን መስኮት ይዘጋል። ክፍሉ ይጨልማል፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ገዝፎ ይታያል። ሁለቱ ሰዎች ያወራሉ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ሌላውን መስኮት ይከፍተዋል፤ ብርሃኑ ሲገባ የክሌሪቺ ጥላ ከግድግዳው ላይ ይጠፋል። ስድብ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ግራጫ ዩኒፎርም የለም። አንድ መስኮት ተከፈተ፣ አንድ ሰው ተሰረዘ። ማንነት የለውም የተባለን ሰው እንዲህ አድርጎ ያሳየ ሌላ ሾት እኔ አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ጭፈራ ቤቱ ይመጣል። የፕሮፌሰሩ ሚስት አናና ጁሊያ ታንጎ ይጨፍራሉ፤ ከዚያ የቤቱ ሰው በሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየተጠማዘዘ ይሮጣል፣ ክብ ይሠራል፣ ክቡም እየጠበበ ክሌሪቺን መሐል ላይ ያስቀረዋል። እስቲ ይህንን በለመድነው ሕግ ፍቱት። ሕጉ፣ ብዙ ሰው በክብ ሲዞር መንጋ ነው፣ መሐል ብቻውን የቆመው ጀግና ነው ይላል። እዚህ ግን ሕይወት ያለው መንጋው ነው፤ መሐል ደርቆ የቆመው ብቸኛ ሰው ነው የሥርዓቱ ሎሌ። እንደ ሰው ልሁን ብሎ ዕድሜውን የሰጠው ሰው ሰው ሲጨፍር መጨፈር አቃተው። አንድ ሾት የሕጉን ሁለት አንቀጽ አንድ ላይ ገለበጠው።

ከዚያ በረዶ የሸፈነው ጫካ። ፕሮፌሰሩ በብዙ ቢላዋ ይወጋል። አና ወደ ክሌሪቺ መኪና ሮጣ መስኮቱን በእጇ ትደበድባለች፣ ትጮኻለች። እሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያያታል። መስታወቱን አያወርድም። እስካሁን በሐዲድ ላይ እንደሚንሸራተት የነበረው ካሜራ ድንገት በሰው እጅ ገብቶ እየተንገጫገጨ በዛፎቹ መሐል ያሳድዳታል። ውበቱ ሁሉ ዕዳ ነበረ፤ የሚከፈለው እዚህ ነው። የምንከፍለውም እኛ ነን፤ ምክንያቱም በርቶሉቺ ያስቀመጠን ከክሌሪቺ ጎን፣ ከሞቀው መኪና ውስጥ፣ ከመስታወቱ በዚህ በኩል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከባድም ነው። መመሳሰልን አሳምሮ ማሳየት ራሱ ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ? ሌኒ ሪፈንሽታል የናዚን የ1934 የኑረምበርግ ጉባኤ ስትቀርጽ ያደረገችው ምንድን ነው? ሱዛን ሶንታግ በ1975 በጻፈችው የታወቀ ድርሰቷ የፋሺዝም ውበት አማላይ መሆኑን አስጠንቅቃ የለም ወይ?

አዎን። ነገር ግን የሪፈንሽታልን ፊልም እስቲ ደግማችሁ እዩት፤ ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ‹የፈቃድ ድል› በግራጫ ሰልፍ ብቻ የተሞላ ይመስላቸዋል ያላዩት። በክሎዝ አፕ የተሞላ ነው። የሚስቁ ልጆች፣ ጠዋት ፊታቸውን የሚታጠቡ ጎረምሶች፣ አካፋ የታጠቁ የሥራ ዘመቻ ወጣቶች። አንዱ «ጓድ፣ ከየት ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ እያንዳንዱ በየተራ፣ በራሱ ፊት፣ በራሱ ድምፅ የትውልድ አገሩን ይጠራል። እንግዲህ ክሎዝ አፕ የነፃነት ምልክት ከሆነ ይህንን ምን እንበለው? እያንዳንዱ ፊት ልዩነቱን ይዞ ቀርቦ ለአንድ ሰው ተሰጠ። ፊት ማሳየት ማንነትን ማክበር ነው ያለን ሁሉ እዚህ ላይ መልስ አለበት።

በርቶሉቺንና ሪፈንሽታልን የሚለያቸው አንዱ አሳምሮ ሌላው አስቀይሞ ማሳየቱ አይደለም፤ ሁለቱም አሳምረዋል። ልዩነቱ የተመልካቹ ወንበር ነው። ሪፈንሽታል ከሰልፉ ውጭ መቆሚያ አትተውልህም፤ ወይ ከደመና ከሚወርደው የመሪው አውሮፕላን ውስጥ ነህ፣ ወይ እጁን ከዘረጋው ሕዝብ መሐል። መስኮቱን የሚደበድብ ሰው ፊልሟ ውስጥ የለም። በርቶሉቺ ተመሳሳዩን ውበት ይሰጥህና ዋጋውን የከፈለችውን ሴት ፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፍልሃል።

በዚህ መንገድ የሄደው በርቶሉቺ ብቻ አይደለም። ዳግላስ ሰርክ በ1955 በሠራው ‹ኦል ዛት ሄቨን አላውስ› አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አትክልተኛዋን ትወዳለች፤ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ይነሡባታል። ፊልሙ ከሆሊውድ ቴክኒከለር ሁሉ የደመቀ ነው፤ ሳሎኑ፣ የመኸር ቅጠሉ፣ ቀሚሱ። እሺ ብላ ሰውዬውን ከተወችው በኋላ ልጆቿ ለገና ቴሌቪዥን ይገዙላታል። ሪባን ታስሮበት ይመጣል። ካሜራው ወደ ጠፋው ስክሪን ይጠጋል፤ እዚያ ውስጥ የሚታየው የሴትዮዋ ፊት ነው፣ በሣጥን ተከርችሞ። ማንም አልጮኸባትም። ሁሉም የወደዷት ሰዎች ናቸው።

ጀርመናዊው ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር ሰርክን ያመልከው ነበር፤ በ1974 ታሪኩን ወደ ሙኒክ አምጥቶ ‹ፍርሃት ነፍስን ይበላል›ን ሠራ። ኤሚ ከ60 ዓመት ያለፈች ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የምታገባው በዕድሜ በብዙ የሚያንሳት ሞሮኳዊ ነው። ሰውዬው ረዥም ስም አለው፤ ጀርመኖቹ «አሊ» ብለው አሳጥረውታል። (እስራኤል ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ወገኖቻችን፣ አሠሪዎቻቸው በሚቀላቸው ስም የሚጠሯቸው የዓረብ አገር ሠራተኞች ይህንን ትዕይንት ያለ ትርጉም ያዩታል።) ፋስቢንደር ሰዎቹን ሁሉ በበር መቃን ውስጥ ያቆማቸዋል። የምታዩት ሁሉ በሌላ ክፈፍ ውስጥ ያለ ክፈፍ ነው። ግን እኔን የሚያስገርመኝ ደረጃው ነው። የሥራ ጓደኞቿ ኤሚን ሲያገልሏት ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትበላለች፤ ካሜራው በደረጃው መደገፊያ ብረቶች መሐል ያሳያታል። ቆየት ብሎ ጓደኞቿ ይመለሱላታል። ከዩጎዝላቪያ የመጣች አዲስ ሠራተኛ ትቀጠራለች። አሁን በእነዚያው ብረቶች መሐል፣ በዚያው ሾት፣ ብቻዋን የምትበላው እሷ ናት፤ ኤሚም ከአግላዮቹ ጋር ቆማ ስለ ደመወዝ ትመክራለች። የምንወዳት፣ ያዘንንላት ኤሚ። ግራጫ አልለበሰችም። እንዲያውም በዚያ ቀን ደስተኛ ናት፤ ሰው መልሶ ተቀብሏታልና።

ለግራጫው ጠበቃ ሆኜ አንድ ፊልም ልስጣችሁ፤ የዣክ ታቲ ‹ፕሌይታይም›፣ 1967። ታቲ ከፓሪስ ዳር ሙሉ የመስታወትና የብረት ከተማ አስገነባ፤ ወጪው አክስሮታል። ከተማው በእርግጥ አመድማ ነው፤ በጉዞ ወኪሉ ግድግዳ ላይ ያሉት የየአገሩ ፖስተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕንፃ ያሳያሉ። ግን ታቲ መዶሻ የያዘች ልጅ አልላከም። ክሎዝ አፕ የለም፣ ጀግና የለም፤ ራሱ የሚጫወተው ሙሴ ኡሎ እንኳ ከሩቅ ከሌሎች ባለ ኮፍያዎች ጋር ይምታታል። በሰፊው ፍሬም ውስጥ ዓይናችሁን የት እንደምታሳርፉ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ምግብ ቤቱ ጣሪያው ሲረግፍ ሕዝቡ አብሮ ይፈታል፤ ነፃነቱ የመጣው ለመንጋው በሙሉ፣ በመንጋነቱ ነው። እንዲህ ያለ ግራጫ ይመቸኛል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ግራጫ አልነበረችም። ቀይ ነበረች። አብዮት አደባባይ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል፣ ሰንደቅ፣ አበባ፣ ሰልፍ። ያንን ዘመን በአመድማ ከለር ግሬዲንግ የሚሠራ ፊልም ሠሪ ሰዎች ለምን እንደተሰለፉ መቼም አይገባውም።

ኃይሌ ገሪማ ይህ የገባው ይመስለኛል። በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ያገኘው ‹ጤዛ› የሚነሣው በጣና ዳር ካለ መንደር ነው። አንበርብር ከጀርመን እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ ይመለሳል። የማሪዮ ማሲኒ ካሜራ ውሃውን፣ ተራራውን፣ የእናትየውን ፊት እጅግ አሳምሮ ያነሣል፤ በዚያ ውበት መሐል ትዝታው እየተሰበረ ይገባል። ጓደኛው ተስፋዬ በአብዮቱ ስም በተነሣ ደቦ ሲገደል አይቷል፤ አንበርብርን ራሱን ደግሞ ጀርመን ውስጥ ዘረኞች በመስኮት ወርውረውታል። ገሪማ ሁለቱን መንጋዎች በአንድ ሰው አካል ላይ አገናኛቸው፤ አንደኛውን ቀይ፣ ሌላውን ነጭ ብሎ ለይቶ የሚያጽናና ቀለም አልቀባልንም። መንደሩም ቢሆን ነፃ ገነት አይደለም። ይወደዋል፣ ያዝንለታል፣ ደግሞም እንደ እኛ ሁን ይለዋል።

የቀሩት ድራማዎቻችን ግን፣ ጥቂቱን ትቼ፣ ግፊትን ሲያሳዩ ክፉ አባት ያመጣሉ። አባት ይቆጣል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ይወፍራል። ይሉኝታ ግን በእንዲህ ያለ ክፍል አይኖርም። ይሉኝታ የሚኖረው በበዓል ቀን፣ ዕጣን እየጨሰ፣ በመስኮት የገባው ብርሃን በጭሱ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሁሉም ነጭ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ቡናው እየተቀዳ፣ አክስት በፍቅር ጠጋ ብላ «የኔ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?» በምትልበት ሳሎን ነው። ክፍሉ ውብ ነው። አክስትም ክፉ አይደለችም። ልጅቷም እሺ የምትለው ተገድዳ ሳይሆን ያንን ክፍል ስለምትወደው ነው፤ ከዚያ ብርሃን ውጭ መቆም ስለሚበርዳት።

ስለዚህ ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ልመናዬ አጭር ነው። ይህንን ሳሎን አታጨልሙት። ግሬዲንጉን አመድ አታድርጉት፤ አክስቲቱንም ከታች ሽቅብ እያነሣችሁ ጭራቅ አታስመስሏት። ስቶራሮ የጁሊያን ክፍል ባበራበት ትጋት አብሩት፤ ነጠላው ይንጣ፣ ጭሱ ይታይ፣ ሳቁ ይሰማ፣ ተመልካቹም እዚያ መቀመጥ ይመኝ። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የምታስጠጉትን ፊት ምረጡ፤ ስትመርጡም የማታውቁትን ሰው አትምረጡ።